ያቺ ትንሽ ጭረት

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ለሰው የማይነገር ነገር ስላደረግኩ ለአንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ዛሬ ጠዋት የሌሊት ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጻፍኩ።

አዎ፣ እኔ። በፕሮግራመሮች ክለባችን መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ በየወሩ ፓይተንን ስቦጭቅ አሥራ አምስት ዓመት የሞላኝ ሴትዮ። ከጓሮዬ የለቀምኳቸው ፖሞች የትኞቹ ቀድመው መበላት እንዳለባቸው ልለይ ብዬ ነው። አሥራ አንድ መስመር ብቻ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ሳጥን ከፈትኩ፣ ቁጥር አስቀመጥኩበት፣ ተመልሼ ያንኑ ሳጥን ከፍቼ ቁጥሩን ቀየርኩት። ደግሞ ቀየርኩት። በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። የሚያሳፍረው መሥራቱ አይደለም፤ ደስ ማለቱ ነው።

ሃስክል በሚባለው ሌላ ቋንቋ የምንጽፍ እኛ የክለቡ ሰዎች እንዲህ አናደርግም። እኛ ዘንድ አንዴ ስም የወጣለት ነገር አይለወጥም። ሦስት ካልከው ሦስት ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ፈንክሽን፣ ለአንድ የስሌት ትእዛዝ ማለት ነው፣ ያንኑ ነገር ከሰጠኸው ዛሬም ነገም፣ ቢከፋውም ደስ ቢለውም፣ ያንኑ መልስ ይመልስልሃል። አንድ ጊዜ ለሲክስተን "እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም" አልኩት።

"እኔስ?" አለኝ።

"አንተ ሰኞ ሰኞ ትለያለህ።"

ሲክስተን ማለት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥን የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ይህን የምጽፈው ሰው ስለሚያወራ ነው። ሃስክልን ያስተማረኝ እሱ ነው። ቮገንን የጻፍነው ሁለታችን ነን። ቮገን በእኛ በስዊድንኛ ሚዛንም ነው ማዕበልም ነው፤ ዮተቦሪ ወደብ ላይ ኮንቴይነሮች እንዴት ቢጫኑ መርከቡ እንደማያዘነብል የሚያሰላው ፕሮግራማችን ነው። ስሙን ያወጣው ሲክስተን ነው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ በራሱ ብልጠት ሲስቅ ከረመ።

የፖሙን ፕሮግራም አጠፋሁት። ከዚያ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው መለስኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

አለቃችን ቲልዳ ስብሰባ ጠራች። ቮገን እንደገና ሊጻፍ ነው። በፓይተን። እሷ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ከእሷ ይጠበቃል፣ ልከራከራት አፌን ስከፍት፣

"ሐሳቡ የእኔ ነው" አለ ሲክስተን።

ዞር ብዬ አየሁት። የሚቀልድ መሰለኝ።

"ከእኛ በቀር ማን ያነበዋል ቬንዴላ?" አለኝ። "ይሄ ሁሉ ዓመት ያቆነጀነውን ነገር፣ ማን ነው የሚያነበው?"

"እኔ አነበዋለሁ። አንተ ታነበዋለህ።"

የቡና ሲኒውን ጆሮ በጣቱ ሲያዞር ቆየ። ቲልዳ ወረቀቷን አስተካከለች። ያልተስተካከለ ወረቀት አልነበራትም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ትራም ላይ። ቆሜ።

ሌላ ቋንቋ፣ ጃቫ ቢለኝ እሺ። ጃቫ ሰላም ለማለት ሦስት ፎርም የሚያስሞላ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ግን ሥርዓት አለው። ረስት እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ኪስህን ሳይዳስስ አያሳልፍህም፣ አከብረዋለሁ። ሊስፕ ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቅንፍ ነው፣ ሽንኩርት እንደመላጥ፣ ግን ዘመድ ነው። የስቶክሆልሞቹ ኤርላንግ "ይውደቅ፣ እናነሳዋለን" ይላል። ለስቶክሆልም ሰው መጥፎ አስተሳሰብ አይደለም። ጃቫስክሪፕት ቁጥርና ቃል ደምርልኝ ብትለው ሳያፍር ይደምርልሃል።

ፓይተን ግን ሁሉን እሺ የሚል ጎረቤት ነው። ምን ይዘህ እንደገባህ አይጠይቅህም። ጉዱ የሚወጣው ቤቱ ከሞላ በኋላ ነው።

እና ሲክስተን! እሱ ራሱ ነው ይህን ሁሉ ያስተማረኝ።

ወራጅ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ዛሬ ቮገን ቆመ። መርከብ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወደብ ላይ ቆመች።

የሆነውን በደንብ ልጻፈው። ሃስክል ሰነፍ ነው። ስድብ አይደለም፣ የጠባዩ ስም ነው፣ እኛም የምንወድለት ይህንኑ ነው። አስላ ስትለው "እሺ፣ ሲያስፈልግህ" ብሎ ቃል ገብቶ ያስቀምጠዋል። ካላስፈለገህ ጭራሽ አይደክምበትም። ግን አሥር ሺህ ኮንቴይነር ደምር ስትለው አንዱንም ሳይደምር አሥር ሺህ "እሺ፣ በኋላ" ይቆልላል፣ የማሽኑ ሜሞሪ እስኪፈነዳ። መድኃኒቱ በመደመሪያው ትእዛዝ ስም ጫፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ትንኝ ታክላለች። ትርጉሟ "አሁን" ነው። አሁን ደምር፣ አታቆይ።

ሲክስተን በየመከሩ ለክለቡ አዲስ አባላት ይህችን ጭረት ሰሌዳው ላይ ቁመቱን አሳክሎ ይስላታል። "ሌላውን ብትረሱ ይቅር እላችኋለሁ" ይላል።

ጭረቷ አልነበረችም።

"ማነው ይሄን የጻፈው?" አለ ሲክስተን፣ ከትከሻዬ በላይ እያየ።

ስሙ እዚያው ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሲክስተን። አጠገቡ ቲልዳ ቆማ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ቲልዳ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ማስታወሻዋን ዘጋች።

እኛ ጋ ዓርብ ለፊካ፣ ለቡና ሰዓታችን፣ ዳቦ የሚያመጣው በሳምንቱ ያጠፋ ሰው ነው። ወርጄ የቀረፋ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ። ሲክስተን ሁለት በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ ከዚያ፣

"ጭረቷን እንዴት ትረሻለሽ?" አለኝ። "ከአንቺ አልጠብቅም ነበር።"

የቀረውን ዳቦ ከረጢቱ ውስጥ መለስኩት። ራሱ አጥፍቶ፣ እኔ ጥፋቱን ስወስድለት ተቀብሎ፣ ደግሞ ሊመክረኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላውቀውም ነበር ማለት ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

"የአባትሽን ጀልባ ሸጥሽው?" አለኝ ጠዋት።

"አልሸጥኩትም። እዚያው ጎተራ ውስጥ ነው።"

"ጥሩ" አለ።

ይኸው ነው ያወራነው ቀኑን ሙሉ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

"የአባትሽን ጀልባ ሸጥሽው?"

"ነገርኩህ እኮ።"

ሆን ብሎ ነው። ቁስሌን ያውቀዋል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አባቴ የሞተ ጊዜ፣ ልሸጠው ስል "አትሽጪው፣ አንድ ቀን ሁለታችን እስከ ስካገን እንሄድበታለን" ያለኝ እሱ ነው። ስካገን ማለት እኮ ባሕሩን ተሻግሮ ዴንማርክ ነው። እኔም "እሺ፣ አንድ ቀን" አልኩ። በየፀደዩ አንዳችን ስናነሳው ሌላችን "አንድ ቀን" እያልን። ልቤ ተንጠልጥሎ የኖረ እንዳይመስልህ። ጀልባ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ለአራተኛ ጊዜ።

"ሸጥኩት" አልኩት። ውሸቴን ነው። "ለአንድ ኖርዌያዊ።"

ፊቱን ብታይ። አንድ ሰው መብራት ያጠፋበት ይመስል ነበር። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ክሬኖቹን እያየ ብዙ ቆመ። የልቤ ደርሷል ብዬ ዞርኩ። ምን ዓይነት ሴት ነኝ።

ሌላ ነገር። ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ቢጫ ወረቀቶች በዝተዋል። አንዱ ላይ "ትራም 11፣ ከዚያ ጀልባ፣ ሁለተኛው ማቆሚያ" ይላል። የእንግዳ መሆን አለበት። እሱ ከደሴት ቤቱ በዚያ መንገድ ሠላሳ ዓመት ተመላልሷል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ጻፍኩት። የዚህ ወር ገጼን። ስም አልጠራሁም፣ ግን ክለቡ ውስጥ ማንን ማለቴ እንደሆነ የማያውቅ የለም። "ጡረታ ሲሸታቸው ቀላሉ የሚያምራቸው" አልኩ። "ትናንት ለእኛ ሰሌዳ ላይ ሕግ የጻፉ፣ ዛሬ ሕግ የከበዳቸው" አልኩ። በጣም ጥሩ ተጽፏል። ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም ሳቅኩ፣ ላክሁት።

ከዚያ ወጥ ስሠራ ጨው ሁለቴ ጨምሬ ደፋሁት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

መጽሔቱን እጁ ላይ አየሁት። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው።

"ጎበዝ ጽፈሻል" አለኝ። "ሰውየውን ዶግ አመድ አደረግሽው። ማነው?"

ፊቱ ላይ ምንም የለም። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ፌዝ ከእሱ አይቼ አላውቅም። ከሚጮህብኝ ሰው ይልቅ እንዲህ የሚስቅብኝን አልችልም። "የምታውቀው ሰው ነው" አልኩትና ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

በቢሮው ማድ ቤት በር በኩል ሳልፍ ቲልዳ ስልክ ላይ፣

"እስከ ገና ይቆያል... ከዚያ በኋላ ብቻውን ልንተወው አንችልም... አይ፣ ቬንዴላ አታውቅም። እንዳይነገራት ብሎ ለምኖኛል።"

ስለ ቮገን ነው። እስከ ገና ብቻ ሊያቆዩት ነው፣ ከዚያ ይዘጉታል። ሲክስተን ደግሞ እንዳላውቅ ለምኗል። ከጀርባዬ። እሺ ይሁን።

ግን "ብቻውን ልንተወው" ምን ማለት ነው? ፕሮግራም ብቻውን ቢተው ምን ይሆናል?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ረጅም ነው የምጽፈው። ከደሴቱ ስመለስ፣ ጀልባው ላይ። ሌላ ተሳፋሪ የለም፣ ማልቀስ ይቻላል።

ጠዋት ሲክስተን አልመጣም። አራት ሰዓት ላይ ታናሽ እህቱ አልፍሂልድ ደወለችልኝ። ስቲርሰ ደሴት ላይ ከእሱ ቤት አጠገብ ነው የምትኖረው። ወደ ሥራ ብሎ ጀልባ ከያዘ በኋላ ብሬነ ላይ ወርዷል። ሌላ ደሴት ነው። በየበሩ እየሄደ የራሱን ቤት እየፈለገ ነው ብለው የብሬነ ሰዎች ደውለውላታል።

"ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ተኝቻለሁ" አለችኝ። "ሌላ የምልከው ሰው የለኝም። የአንቺን ቁጥር ነው ኪሱ ውስጥ ያገኙት።"

የደሴቶቹ ጀልባ ከሚነሳበት ከሳልትሆልመን ተሳፈርኩ። ብሬነ ማቆሚያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ኮፍያው ተገልብጦ። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

"ቬንዴላ፣ ቤቱን አንስተውታል።"

"ማነው ያነሳው?"

"እንጃ። አንዴ ስም የወጣለት ነገር አይለወጥም እንል አልነበር?" አለና ሳቀ። ቀልዱ የገባው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ኮፍያውን አቀናሁለት። እጁ እንደ በረዶ ነበር። ቤቱ እስክንደርስ ድረስ አልለቀቅኩትም፣ እሱም አላስለቀቀኝም።

ቤቱ ሲገባ እንቅልፍ ወሰደው። አልፍሂልድ ጋ ገባሁ።

"አልነገረሽም?" አለችኝ ገና ፊቴን ስታይ።

የመርሳት በሽታ ነው፣ ከሚያዝያ ጀምሮ። ሐኪም ቤት ሄዶ፣ ወረቀት ላይ ሰዓት ሳል ተብሎ፣ ሰዓቱን መሳል አቅቶት። ያ ስብሰባ ከመጠራቱ ስድስት ወር በፊት።

"ያንን ጽሑፋችሁን ማንበብ ካቃተው ቆየ" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት እዚህ ጠረጴዛ ላይ አትሞ ይዘረጋዋል። 'አልፍሂልድ፣ ውብ ነው፣ ግን ምን እንደሚል አላውቅም' ይለኛል። የራሱን ጽሑፍ።"

"ታዲያ ለምን ፓይተን?"

"እኔ ምን አውቄ። 'እኔ ስጠፋ ቬንዴላ ማንም ከማያነበው ነገር ጋር ብቻዋን ትቀራለች፣ ሰው የሚረዳው ነገር ይሁን፣ አጋዥ ታገኛለች' ነው ያለኝ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ለሁሉ ነግሮ ከእኔ ለምን ደበቀ?"

አልፍሂልድ ትራሷን ስታስተካክል ቆየች። "እንድታዝኚለት አልፈለገም። 'ቬንዴላ ስትቆጣኝ እኔ እኔ ነኝ' ይላል። ሰሞኑን በጣም ተቆጥተሽው ነበር መሰለኝ፣ ደስ ብሎት ነው የከረመው። አንድ ቀን ብቻ አዝኖ መጣ። ጀልባዋን ሸጠችው አለኝ።"

ያን ጊዜ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። መጽሔቱን አሰብኩ። በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ። ማነው ሲለኝ፣ እውነቱን ነበር የጠየቀኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ፖሙን ነገርኩት። አሥራ አንድ መስመር፣ በሌሊት ልብስ፣ በፓይተን።

እንዲህ ሲስቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ቲልዳ ከክፍሏ ወጥታ አየችን።

"አንቺ! እህት ንጽሕት!" አለኝ። ድሮ ከሃስክል ንቅንቅ ስለማልል እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። "ደስ ብሎሽ ነበር?"

"በጣም።"

"ዳቦው በአንቺ ነው።"

ከዚያ ቮገንን ከፈትን። እኔ የድሮውን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ ቲልዳ አዲሱን በፓይተን ትጽፋለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የምለው እንደማይገባው አውቃለሁ። ግን መደመሪያው ጋ ስደርስ፣ "ጭረት" ስል፣

"አሁን" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ቲልዳ መጻፏን አቆመች። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ "ጭረት" አልኩ። "አሁን" አለ። ያቺ አልጠፋችበትም።

በስድስተኛው ገጽ ላይ ዓይኑን ገለጠ። "የአባትሽን ጀልባ ሸጥሽው?"

"አልሸጥኩትም" አልኩት። "እዚያው ጎተራ ውስጥ ነው።"

"ጥሩ" አለ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ሰኞ ሁለት ጊዜ። ማክሰኞ አንድ ጊዜ። ትናንት አልጠየቀኝም፣ እኔ ነኝ ጆሮዬን አቁሜ የዋልኩ። ዛሬ ሦስት ጊዜ። በየጊዜው ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ አልሸጥኩትም፣ እዚያው ጎተራ ውስጥ ነው። አንዱንም አልቀየርኩም። የዚያን ሰኞ ውሸቴን የሚተካልኝ ባይሆንም።

ለመጽሔቱ ይቅርታ ጻፍኩ። ይቅርታ የጠየቅኩት ማንን እንደሆነ አልጻፍኩም፣ የማያውቅ የለም።

ከቢሮ ስወጣ ለጀልባ ጠባቂው ለቶርኬል ደወልኩ።

"እስቲ ድገሚልኝ" አለኝ። "ሰው ሁሉ ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ ጨርሷል። አንቺ በኖቬምበር ታስገቢያለሽ?"

"አዎ።"

"ቀለሙ ተላጥቷል። ሞተሩን አሥራ አንድ ዓመት ያስነሳው የለም። ሚያዝያ አይሻልሽም?"

"አይሻለኝም።"

ከዚያ "ሞተሩን ዛሬ አየዋለሁ" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ሞተሩ ተነስቷል፣ እየሳለ ነው ግን ይሄዳል አለ ቶርኬል። ነገ የመጀመሪያው አድቬንት፣ የገና ጥበቃ የሚጀምርበት እሑድ ነው፤ መንገዴን ሙሉ በየመስኮቱ የወረቀት ኮከብ ሲሰቅሉ አየሁ። አልፍሂልድ ሁለት ወፍራም ሹራብ አዘጋጅታለች፣ አንዱ ለእኔ ነው፣ የሲክስተን የድሮው ነው፣ ክርኑ የተጣፈ። ለብሼው ነው የምጽፈው። ሌላ ነገር አልልም።

ነገ ከሲክስተን ጋር ስንወጣ ስካገን አንደርስም። ይህን ራሴን አላታልልም። የብሬነን ጫፍ ብንዞር፣ ምናልባት የመጨረሻው የመርከብ መብራት ማማ ድረስ፣ ነፋሱ ካልጨከነብን።

አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስጨንቀኝ። መጠየቁ አይቀርም። እዚያ ማዕበሉ ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ጀልባውን ሸጥሽው ይለኛል። ጀልባው ጎተራ ውስጥ አይሆንም። መልሴ ሊለወጥ ነው፣ ዳቦው በእኔ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስለት ከጠዋት ጀምሮ አስቤ አላገኘሁም።

ምን እንዳልኩት፣ እሱም ምን እንዳለኝ፣ እጄ ከሞቀልኝ ነገ ከሰዓት እዚሁ ታገኘዋለህ።